የፒካፑ ኳኳታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ከኤሌክትሪክ ፒካፑ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ሞተሩ ስለማይሰማ፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ከፊት ጎማው የሚመጣው ኳኳታ ሰፈር ይቀሰቅሳል። አባዬ ግን፣ ያ ብልሽትን በድምፅ ብቻ የሚለይ መካኒክ፣ «ምንም የለም፤ ጆሮሽን ታጠቢ» ይለኛል።

ቅዳሜ ፒካፑን በክሪክ አንስቼ፣ መታጠፊያ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዙትን ያረጁ የፊት ስታብላይዘር ሊንኮች ሁለቱንም ቀየርኳቸው። ቡሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ እየዞረ ቢያስቸግረኝም እልህ ይዞኝ ፈታሁት። ስንሞክረው ኳኳታው ጠፋ።

አባዬ መሪውን እንደያዘ «አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀ። «ልክ ነህ» አልኩትና፣ ከኋላችን ክላክስ እያደረገ ለነበረው መኪና መንገድ እንዲለቅ ትከሻውን ነካሁት።

ከሰኞ ጀምሮ የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ገና አልሰማም።

ስትደውል ጮክ ብለህ አዋራው፤ መስመሩ ጥሩ አይደለም። ደህና ሁንልን።

እህትህ