ሰማንያ ቀኝ እጅጌ

ካምፓላ፣ ካንሳንጋ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለነጻነት፣

እንደምን ሰነበትሽ እናቴ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን የሚያመኝ ስቀመጥ ነው፤ እዚህ ደግሞ ቁጭ በል የሚለኝ ስለሌለ ደህና ነኝ ማለት ይቻላል።

ስልክ አታነሺልኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስደውል የምታነሳው አክስትሽ አርሴማ ናት። "አሁን ወጣች" ትለኛለች፤ አንቺ ከኋላዋ ስታስይ እየሰማሁ። አልቀየምሽም። ባለፈው እሑድ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የስፌት መኪናውን ልትሸጪው ነው አሉ። ገዢም ተገኝቷል፤ "የእኔ እጅ ለዚህ ሙያ አልተፈጠረም፤ ይበቃኛል" ብለሻል አሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚሁ ነው። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው አግኝቻለሁና መኪናው ሳይሸጥ ይደርስሻል። ተናደሽ መሐል ላይ አትቅደጂው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ናካዋ በምሠራበት የሙያ ማሠልጠኛ አሥራ ስድስት ሠልጣኞች አሉኝ። ገሚሱ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ገሚሱ እንደ እኔ ከሩቅ የመጣ። "ምዜ" ይሉኛል፤ ሽማግሌው እንደ ማለት ነው፤ በአክብሮት ነው ብለው ስላሳመኑኝ ዝም ብያለሁ። አስተማሪነቴን ታውቂዋለሽ። እኔ እቆርጣለሁ፣ እነሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ፣ ስቆርጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔም መርካቶ ስማር አለቃዬ ሲቆርጥ ጀርባውን ይሰጠን ነበር። በትከሻው ላይ አንገታችንን አስግገን የሰረቅናትን ያህል ነው የተማርነው። ሙያ በሌላ መንገድ የሚሰጥ አይመስለኝም ነበር።

ኃላፊያችን ማዳም ናካቶ የምትባል ሴት ናት፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ የምታዘኝ ግን እሷ ናት። "አራት አራት ሆነው ጠረጴዛ ይክበቡ። ራሳቸው ይለኩ፣ ይቁረጡ፣ ይስፉ፣ አንዱ ሌላውን ያስተምር። እርስዎ እየዞሩ ይዩ" አለችኝ።

"ጨርቅ ይጨርሳሉ" አልኳት።

"ጨርቅ ካልጨረሱ በምን ሊማሩ ነው?" ብላ ሳቀች።

በግማሽ ታዘዝኩ። ጠረጴዛው ተከበበ፤ መቀሱ ግን ከእጄ አልወጣም።

ጥር ላይ ከአንድ ትምህርት ቤት የአርባ ኮት ትእዛዝ መጣ። ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው የደበዘዘ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ትምህርት ሊከፈት አሥር ቀን ቀርቶታል። ቸኮልኩ። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ፊት ለፊት ይገጠማል፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ እንዲወጣ፤ ይህን ገና ስትድሂ ታውቂው ነበር። እኔ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ደረደርኩትና ቆረጥኩ። ሰማንያ እጅጌ፣ ሰማንያውም የቀኝ።

ያወቀው ለሚ ነው፤ ከነቀምቴ የመጣ፣ ነገሩን ሁሉ በእርጋታ የሚያደርግ ወጣት። የመጀመሪያውን ኮት ገጣጥሞ ሲለብሰው ግራ እጁ ወደ ኋላ ዞረ። "ምዜ፣ ይቺ የማን እጅ ናት?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጨርቁ ወደተገዛበት ሱቅ ደወልን፤ ጨርቁ አልቋል፣ ሌላ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉን።

ናሙቴቢ የምትባል ሠልጣኝ አለች፤ ኦዊኖ ገበያ ሰልባጅ እያጠበበች እያሳጠረች ያደገች ልጅ። "እኔ እኮ ሲቆርጡ አይቼ ነበር" አለች በቀስታ።

"ታዲያ ምን ዘጋሽ?"

"ስቆርጥ ማንም አይናገረኝ ብለዋላ።"

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና "ምን ይሻለናል?" አልኳቸው። ነጽዬ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራዬ ተማሪን ምን ይሻለናል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አንቺንም ጭምር።

ናሙቴቢ አንዱን ትልቅ እጅጌ አነሳች፤ አነስ ያለ ልጅ የእጅጌ ልክ ወረቀት ገልብጣ አስቀመጠችበትና ዙሪያውን በሳሙና አሰመረች። የትልቁ ልጅ የተሳሳተ እጅጌ ተከርክሞ ለመካከለኛው ልጅ ግራ ሆነ፤ የመካከለኛው ለትንሹ። "ኦዊኖ የአባትን ኮት ለልጅ የምናደርገው እንዲህ ነው" አለች። እኔ ስንት ሱፍ የቆረጥኩ ሰው አላሰብኩትም ነበር። ከእነሱ የሚበልጥ እጅጌ ስለሌለ ለትልልቆቹ ሰባት ልጆች ብቻ ጨርቅ አጠረን፤ እነ ለሚ ከተረፈው ቁርጥራጭ ብብት ሥር ቀጠሉላቸው። ያን ሳምንት ያልተጨቃጨቀ የለም። በእንግሊዝኛ ይጀምሩና ሲናደዱ እያንዳንዱ ወደየቋንቋው ይገባል። አንዱ ጠረጴዛ ያወቀውን ሌላው መጥቶ ያያል፣ ይወስዳል፣ አሻሽሎ ይመልሳል። አንድ እጅጌ ተበላሽቶ ተጣለ እንጂ የሞተ ሰው የለም። ትምህርት የተከፈተ ዕለት አርባውም ኮት ደረሰ። የተቀጠለበትን ቦታ መነጽሬን አድርጌ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስኪበቃኝ ድረስ። በማግስቱ ማዳም ናካቶ ሮሌክስ አስመጥታ ሁላችንንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችን። እንቁላል በጨጨብሳ ቂጣ የሚጠቀለል ነገር ነው፤ ብትቀምሺው ትወጂዋለሽ። እየበላን "እያንዳንዳችን በሥራችን ያበላሸነውን አንድ ነገር እንናገር" አለች። አንዷ የሙሽራ ቀሚስ በካውያ አቃጠለች፤ አንዱ ዚፕ ገልብጦ ሰፋ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የእጅጌውን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው። የአቶ ሀብተማርያም ኮት ነው የወጣው።

እዚያ ሱቃችን ውስጥ መቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠሁሽ ዕለት ነበር። በሳሙና አሰመርኩልሽ፤ ተከትለሽ ቆረጥሽ። ኮቱ አራት ጣት አጠረ። ሰውየው በደንበኛ ፊት ሲጮህብኝ "ልጄ ናት የቆረጠችው፣ ገና ተማሪ ናት" አልኩት። አንቺ ካውያውን እንደያዝሽ ቆመሽ ነበር። አንዲት ቃል አልወጣሽም፤ መስመሩን የሳትሽ መስሎሽ ነው።

አልሳትሽም። ወለሉን ስጠርግ ቁራጩን አነሳሁት፤ የሳሙናው መስመር ጫፉን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። መቀስሽ ከመስመሩ የክር ያህል አልወጣም። ልኬቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቁራጩን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ዝም አልኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በሳምንቱ ሱቁን ጥለሽ ወጣሽ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ በረዘመ ቁጥር አፌ ከበደኝ።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ናሙቴቢ "ልጅዎ ታዲያ ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እሷ አታውቅም" አልኩ።

የያዘችውን ሮሌክስ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። "ታዲያ ለእኛ ለምን ይነግሩናል?" አለችኝ።

ልጅቷ ልክ ናት። ካንቺ በፊት አሥራ ሰባት ሰው ሰምቶታል፤ ለዚህም ይቅርታ አድርጊልኝ።

መኪናው የአንቺ ነው። ሌላ ሥራ ወደሽ ከሆነ ሽጪው፣ እኔም እመርቅሻለሁ። እጄ አይሆንም ብለሽ ግን አትሽጪው። እጅሽ ደህና ነው ልጄ፤ የተበላሸው የእኔ አፍ ነው።

ይህን ደብዳቤ አማርኛ ስለሚያነብ ለለሚ ሰጠሁት፤ አሁን ያለ ሌላ ዓይን ምንም አላስወጣም። አንብቦ "ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ደበቁት፤ መጀመሪያ ላይ ያድርጉት" አለኝ። እውነቱን ነው። እንደገና ልጽፈው ብቀመጥ ግን ድፍረቴ እንዳይከዳኝ ፈራሁ፤ እንዳለ ልኬዋለሁ።

የእናትሽ አምላክ ይጠብቅሽ። የያዝሽው ይቅናልሽ፣ የጀመርሽው ይሙላልሽ። አርሴማን ስለ አንቺ ስትዋሸኝ ስለኖረች እግዜር ይማራት በያት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ባታነሺም በሚቀጥለው እሑድ እደውላለሁ።

የበደለሽ አባትሽ፣
ዓለማየሁ