ሻምበል ቁም ሣጥን ውስጥ ስላንጎራጎረበት ጉዳይ

ለመላው ቤተሰብ በታላቅ ኀዘን የሚገለጸው፦ ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አንድ ድመት አንጎራጉሯል።

እህት ዓለሜ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? እማዬ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራስ ሥር ትደብቀዋለች? አባዬስ ከሬዲዮኑ ጋር ታረቀ? እኔ ይኸው፣ መተኮሻው ጣቴን ከመላጡ በቀር አለሁ።

ሻምበል ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ጓሮ ያነሣሁት ግራጫ ድመት ነው። ሹመቱን ያሰጠው ጢሙ ነው። አከራዬ ክፍሉን ስትሰጠኝ ግን "እንስሳ ካስገባሽ አብረሽው ትወጫለሽ" ብላ አስፈርማኛለች። ይህን ክፍል ለማግኘት አራት ወር ሙሉ የሰው በር ሳንኳኳ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ።

ችግሩ ድምፁ ነው። ሲነኩት ኽርርር ይላል፤ ግድግዳው ደግሞ ወረቀት ነው። አብራኝ የምትተኩሰውን፣ የማታውቀው ነገር ስለሌለ "ፕሮፌሰር" የምንላትን ሴትዮ አማከርኩ። "ድመት የሚያንጎራጉረው ደስ ሲለው ብቻ ነው፤ ደስ አታሰኚው፣ በቃ!" ብላ ፈረደች። እኔ ሞኟ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድመት ላለማስደሰት ስደክም ከረምኩ። ሲጠጋኝ ፊቴን አዞርኩ። አንዳንዴም "አንተ ጢማም!" ብዬ ሰደብኩት። ዝም አለ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ አከራዬ ሳትነግረኝ ቧንቧ ልታይ ከች አለች። የሻምበልን ማጅራት ይዤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ቧንቧውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ልትወጣ በሩን ስትይዝ፣ ኽርርርር! ምን ደስ አለው በዚህ ሰዓት? "ምንድን ነው እሱ?" አለች። "ሆዴ ነው፤ ምሳ አልበላሁም" አልኩ። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆየችና "ሆድሽን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው እንዴ የምታስቀምጪው?" ብላ ከፈተችው።

ሻምበል ካፖርቴ ላይ ተጣብቆ፣ ጆሮውን አጥፎ ይንቀጠቀጣል፤ ያንጎራጉራልም። "ደስ ብሎት መሰለሽ?" አለችኝ። "ፈርቶ ነው። ድመት ስትታመምም፣ ስትወልድም እንዲህ ትላለች፤ ራሷን ስታባብል ነው። ጠግባ ስትተኛም ያው ነው። ፊቷን ካላየሽ ድምፁ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።"

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ድመቱን አቀፈችው። ፍርዱን ስሚልኝ፦ "እሱ ይቆይ። እሱ ፈራ፣ መፍራቱንም አልደበቀም፤ አንቺ ግን ሆዴ ነው ብለሽ ዋሸሽኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉን ልቀቂልኝ።"

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ሻምበል ታች እሷ ቤት ሆኖ ሲያንጎራጉር ይሰማኛል፤ ተመችቶት ይሁን ጨንቆት እንጃለት። ከሥራ ስወጣ ክፍል ፍለጋ ከበር ወደ በር እዞራለሁ፤ "ተይዟል" ይሉኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለአባዬ ግን አደራ፣ ይህን እንዳታነቢለት። ባልሽን "ሆዳሙ፣ እንዴት ነህ?" በይልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከጀርባው ክፍል
ኅዳር 18 ቀን

ማስተካከያ፦ ትናንት በስልክ "የተሻለ ክፍል አግኝቼ በገዛ ፈቃዴ ልለቅ ነው" ብዬ እየሳቅሁ መናገሬ ይታወሳል። ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ የተቀረው ተሰርዟል።