ቫዮሊን በመጫወቷ ስለታገደችው ቫዮሊን ተጫዋች

ለተከበሩ የሙከራ ሙዚቃ አዳራሽ የሥነ ጥበብ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ ጆሮዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በእርስዎ ሙያ ከሁሉ የሚደክመው እሱ ይመስለኛልና። እኔ ከአዳራሽዎ ጀርባ ባለው መንገድ ፀጉር የማስተካክል ሰው ስሆን፣ ባለፈው ቅዳሜ ምሽት በዝግጅትዎ መሐል ያንጎራጎርኩት ጥፋተኛም እኔው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ በእኔ ጥፋት ቫዮሊን ተጫዋቿን ልጄን ከአዳራሽዎ የሙዚቃ ቡድን ስላገዷት፣ ቢቻል እንዲመልሷት፣ ባይቻል ደግሞ ምክንያቱን ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው። ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እናንተ ዘንድ ያለ ማብራሪያ የሚሆን ነገር እንደሌለ ተምሬያለሁና።

አንደኛ፣ አድማጩን ከመቀመጫ እስራት ነፃ ለማውጣት ብለው ወንበሮቹን በሙሉ አስወጥተው መሬት ላይ ስላስቀመጡን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አብራኝ የመጣችው ታላቅ እህቴ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ነፃ ከወጣች በኋላ መነሳት ስላቃታት ሁለት ጎረምሶች ደግፈው ነው ያስነሷት። እስከ ዛሬ ጉልበቷን በሙቅ ውሃ እያሸች ስምዎን ታነሳለች፤ እንዴት አድርጋ እንደምታነሳው ግን ልተወው።

ሁለተኛ፣ በመክፈቻው ላይ ከጣሪያ ወደ ብረት ባልዲ ጠብ ጠብ ሲል በድምፅ ማጉያ ያሰሙን ውሃ እጅግ መሳጭ ነበር። የእኔ ፀጉር ቤት ጣሪያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይህንኑ ሥራ ሲያቀርብ ኖሯል። እኔ መሃይሙ ግን ጥበብ መሆኑ ሳይገባኝ በሬንጅ ልደፍነው ስታገል ኖሬአለሁ። እህቴማ ውሃ ሲንጠባጠብ ስትሰማ ሽንቷ ስለሚመጣ፣ “ኧረ ይሄን የሚደፍን ወንድ ጠፋ?” ብላ ጮኸች። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁላት። ለእሷም ቢሆን እገዳ ይገባት ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ልጄ ናት። ቫዮሊኗን ይዛ ወጣች፤ መብራቱም እሷ ላይ ብቻ አረፈ። ቀስቷን ከክሩ በላይ አንስታ ቆመች። አሁን ትጀምራለች ስል አሁንም ቆመች።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ መድረክ ላይ ስትወጣ ድርቅ የማለት ችግር አለባት። እናቷ ካረፈች ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ዝግጅት ከኋላ ተቀምጬ የዜማውን መጀመሪያ አንጎራጉርላታለሁ፤ እሷም ሰምታኝ ትቀጥላለች። በእኔና በእሷ መካከል ያለ ነገር ነው። ያን ምሽትም ቀስቷ አየር ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ባየሁ ጊዜ፣ ልጄ ደረቀች አልኩ። የማንበቢያ መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለመጣሁ የታደለንን የማብራሪያ ወረቀት አላነበብኩትም። እስከ መጨረሻው ክሩን ሳትነካ እንድትቆም የታዘዘች መሆኗን ማን ነግሮኝ? እንዲያውም ሰሞኑን ከክፍሏ አንድም ድምፅ ስላልሰማሁ፣ ልምምድ ትተሻል ብዬ ስቆጣት ነበር የሰነበትኩት። ለካ ተግታ ስትለማመድ ኖሯል።

ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የድሮ ዜማ አንጎራጎርኩ። ድምፄን ደንበኞቼ ያውቁታል፤ ምላጭ በእጄ ባይሆን ዝም በል ባሉኝ ነበር። ልጄ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቋ ጋር ቀስቱም ወረደ። ተጫወተች፣ ክቡር ሆይ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስትጫወት ሰምቻት አላውቅም። አለቀስኩ፤ አልደብቅም። አዳራሹ በሙሉ አብሮን አንጎራጎረ፤ እህቴም ለጊዜው ጉልበቷን ረሳች።

በማግስቱ “የዝምታ ሥነ ሥርዓት በመጣስ” ተብላ ታገደች። ዝም አይነቅዝም የሚለውን አባባል እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን አባት ላንጎራጎረው ልጅን መቅጣት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። አህያው እኔ ነኝ፤ የምገኝበትንም ከላይ ገልጫለሁ። ልጄ ቫዮሊኗን ሳጥኑ ውስጥ ከታ አልጋዋ ሥር አስገብታዋለች። አልተቆጣችኝም፤ “አንተ ምን ታደርግ፣ አባዬ” ነው ያለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ጸጥ ብሏል፤ እኔ ደግሞ የእርስዎን ዓይነት ጆሮ ስላልታደልኩ ይህን ጸጥታ ላጣጥመው አልቻልኩም። ስለዚህ እኔን ለዘላለም ያግዱኝ፣ ፎቶዬንም በር ላይ ይለጥፉ፤ እሷን ግን ይመልሱልኝ።

መሬት ላይ ተቀምጦ ቀና ብሎ በሚያይዎት ሰው አክብሮት፣ ድምፁን በተቻለው መጠን ዝቅ አድርጎ የጻፈልዎ፣
የአዳራሹ ጎረቤት ፀጉር አስተካካይና የታገደችው ልጅ አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ፣ መንገደኛውን ለሚቀጥለው ዝግጅት የምትጠሩበትን የበሩን ድምፅ ማጉያ ቆሜ አዳመጥኩ። ከሥራዎቻችሁ ሁሉ ተመርጦ የሚሰማው ያን ቅዳሜ ምሽት የተቀዳው የልጄ ቫዮሊን ነው፤ ከኋላው የሚያንጎራጉረውም፣ ደንበኞቼ መጥተው እንደመሰከሩት፣ እኔ ነኝ። እንግዲህ ሰው ተታሎ እንዳይገባባችሁ፣ ከነገ ጀምሮ በድምፅ ማጉያው ዝምታውን ያሰሙልን።