አንተ ያላየኸው መኪና

ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ

ውድ ጌታሰው፣

ትናንት ሊድያ ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። አምቡላንስህ ውስጥ ፎቶውን ለጥፈኸው የነበረው ያ የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ፣ ለክብሩ የተለየ መኪና ተሠርቶለታል። ቀለሙ የሰውየው ሄልሜት ቀለም ነው፤ በሩ ላይ ፊርማው አለ። ጥቂት ብቻ ሠርተው ከእንግዲህ አንሠራም ብለዋል።

«እማ፣ አባ ቢኖር ይገዛው ነበር?» አለችኝ።

«ከየት አምጥቶ? ማየቱ ይበቃው ነበር» አልኳት። ልጅቷ ሳቀች። እኔ ወጥ ላማስል ብየ ፊቴን አዞርኩ።

እሁድ እሁድ ሻይ ቤት ሄደህ ውድድሩን ስታይ እበሳጭብህ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የአበርገሌን ድንጋይ ስትዘል ከርመህ በዕረፍትህም መኪና ታያለህ። አንድ ቀን ምኑ ደስ እንደሚልህ ብጠይቅህ «መንገዱን ነው የማየው፣ ሰርካለም» አልከኝ። «አንድ ጠጠር እንኳ የለበትም።» ያን ጊዜ ስቄብህ ነበር።

ጸሐይነሽን ታስታውሳታለህ? በዚያ ክረምት ምጥ ጠንቶባት ከአበርገሌ ያመጣሃት። ሆስፒታል አድርሰሃት ቤት መጣህ፤ ቆመህ ጎረስክ። ወዲያው ሌላ ወላድ አለች ተብሎ ሲደወልልህ ተመልሰህ ወረድክ። ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ከሥርህ ተናደ። ጸሐይነሽ በሰላም ወንድ ልጅ መገላገሏን እንኳ ሳትሰማ ቀረህ።

በአርባህ ልጁን አዝላ መጣች። «ስሙን ጌታሰው ብየዋለሁ፤ ቅር እንዳይልዎት» አለችኝ። ካንተ ወዲህ እህል የጣመኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ገበያ ስትወጣ ይዛው ትመጣ ነበር። ልጁ መሄድ ጀመረ፤ ስጠራው ዞር ይልልኛል። ስምህን በቤታችን ውስጥ ጮክ ብየ የምጠራበት ምክንያት አገኘሁ።

ባለፈው ወር ትኩሳት ያዘው። ባሏ ቢደውል ቢደውል መኪና አጣ፤ አንተ ከሞትክ ወዲህ በምትክህ የመጣ አምቡላንስ የለም። አዝላው በእግሯ ተነሣች። ሰቆጣ ስትደርስ ግን ወደ ሆስፒታል አልሄደችም፤ መንገድ ላይ ሞቶባት ስለነበር እኔ ቤት መጣች። በሩ ላይ ቁጭ ብላ አንቀልባውን አልፈታም አለች። እኔ ፈታሁት።

«እርሳቸው ቢኖሩ እንደርስ ነበር» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

በዚያ ተወዳዳሪ አልቀናሁም፣ ጌታሰው፤ ያክብሩት። ግን ለአንድ ሰው ክብር እንዲያ ያለ መኪና የሚሠራ ዓለም፣ አንተ በሞትክበት መንገድ የሚወርድ አንድ መኪና እንዴት እንዳጣ አልገባ አለኝ። ለሊድያ ይህን አልነገርኳትም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ከሰው ጋር እቆማለሁ፤ የምለምነው ግን ጠፍቶብኛል።

ልጁን መልሳ ልትወስደው አቅም ስላጣች ጎንህ ቀበርነው። ያች ትንሽ መቃብር የሱ ናት። ጸሐይነሽ ሩቅ ነች፤ እንደ ልቧ አትመጣም። እኔ በመጣሁ ቁጥር የሁለታችሁንም ሣር እነቅላለሁ። ከዚህ በላይ የማደርግላችሁ አላገኘሁም።

ሰርካለም