የረጠበው ቀላድና የአቶ ተክለ ማርያም አርጋው ሕይወት

አቶ ተክለ ማርያም አርጋው ከአባታቸው ከመሪጌታ አርጋው እሸቴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ይመር በየካቲት ወር 1920 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው፣ ዘመናዊ ትምህርት ደግሞ በአዲስ አበባ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነበር፤ እርሳቸው ከሚሉት ግን ጥቂት ያንሳል።

በ1942 ዓ.ም. በአንድ የመሬት ልኬት ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው ቀላድ ጣይ ሆኑ። ሥራቸው የገበሬውን መሬት በገመድ እየለኩ ወሰኑን በመዝገብ ማስፈር ነበር፤ በእግራቸው ያልረገጡት የሸዋ ወረዳ ጥቂት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ምንጃር ላይ ያዛቸው። የአቶ ዘውዴ ቸርነትን እርሻ የለኩት በረጠበ የቃጫ ገመድ ነበር። አቶ ዘውዴ መሬታቸው ከአንድ ጋሻ እንደማያልፍ በቤተ ክርስቲያን ምለው ነበር፤ ልኬቱ ግን አልፎ ተገኘ። ትርፍ የተባለው ተወሰደባቸው። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ በሐሰት የማለ ተብለው ስማቸው ጠፋ። ከወር በኋላ አቶ ተክለ ማርያም ያንኑ ገመድ ውሃ ውስጥ ነክረው ቢለኩት አጥሮ አገኙት። በአጭር ገመድ የተለካ መሬት ሳይበዛ የበዛ ይመስላል። ለአለቃቸው ቢያመለክቱ መዝገቡ ተዘግቷል ተባሉ፤ እርሳቸውም ለእንጀራቸው ፈርተው ዝም አሉ። ይህን የምንጽፈው ልናሳጣቸው አይደለም፤ በቀብሬ ላይ ይነበብ ብለው ራሳቸው ስላዘዙ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጸሃይቱ ገብረ መድኅን ጋር ትዳር መሥርተው ግሩምንና መሲን ወለዱ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የጻፏቸው መዝገቦች ዋጋ አጡ። በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደው በ1973 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ፍራንክፈርት ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም ግሪስሃይም በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ላገር፣ ማለትም መጋዘን፣ ውስጥ ዕቃ ሲያስተካክሉ ኖሩ።

በ1986 ዓ.ም. ጀርመናዊቷ ጎረቤታቸው ፍራው (ወ/ሮ) ኤልፍሪደ ከአያታቸው የወረሱትን የእንግሊዝኛ ወረቀት እንዲያነቡላቸው አመጡ። ከጀርመኑ ሄሰን ግዛት ወደ አሜሪካ የተሰደደ ዘመዳቸው በኦሃዮ ጠረፍ ጫካ መንጥሮ ያቀናው እርሻ የባለቤትነት ማስረጃ ነበር። ወሰኑ ከትልቁ ዛፍ እስከ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ እስከ ጅረቱ ይላል፤ አቶ ተክለ ማርያም ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለጋቸውም። ከግርጌው ግን ለኪው በፈረንጆች 1829 የጨመረው ቃል ነበር። የመለኪያ ሰንሰለቴ በእርጅና ረዝሞ ስለነበር የጎረቤትን መሬት ለዚህ እርሻ ጨምሬያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይታረም ብሎ ፈርሞበታል።

አቶ ተክለ ማርያም ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ በቅጡ አልበሉም። ወ/ሮ ጸሃይቱ የታመሙ መስሏቸው ሐኪም ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዙላቸው። በአራተኛው ቀን ለአቶ ዘውዴ ቤተሰብ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አቶ ዘውዴ አልዋሹም። የዋሸው ገመዴ ነው፤ ዝም ያልሁት ደግሞ እኔ ነኝ።» መሲ «ፓፓ፣ ይሄ እኮ ፌርየርት ነው፣ ጊዜው አልፏል» ብትላቸው፣ «በጀርመን ሕግ ይሆናል፤ ዘውዴ ቤት ግን አላለፈም» አሏት።

መልስ ሳይመጣ ሰባት ወር አለፈ። ይቅር ሳይሉኝ ልሞት ነው ብለው በጣም ተጨነቁ፤ የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስቴ ይከፍቱ ስለነበር ፖስተኛው ራሱ ያዝንላቸው ጀመር። በ1987 ዓ.ም. የአቶ ዘውዴ ልጅ ወ/ሮ አያልነሽ ጻፉ። አባታቸው ካረፉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። የአቶ ተክለ ማርያም ደብዳቤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ተነቧል፤ አቶ ዘውዴን ያሙ ሽማግሌዎችም ቤታቸው ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠይቀዋል። «ቀደም ብለው ቢጽፉ አባቴ በጆሮው ይሰማ ነበር» ሲሉ ወቅሰዋቸዋል፤ ቀጥለውም «እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ይቅር ብያለሁ» ብለዋል። አቶ ተክለ ማርያም ያን ቀን አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ዓመታት፣ እኛ ቤተሰቦቻቸው እንደምንመሰክረው፣ ከሕይወታቸው ሁሉ የቀለሉት ነበሩ። መሬቱ አልተመለሰም፤ በየፋሲካው ግን ከምንጃር ስልክ ይደወል ነበር።

አቶ ተክለ ማርያም ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 12 ቀን 1990 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ፍራንክፈርት ውስጥ አረፉ። ምሕረቱ ቀላድ የማይጣልበት አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለሐዘንተኞቹም መጽናናትን ይስጥ።

ይህን የጻፍሁት የእህታቸው ልጅ ሀይለየሱስ ነኝ። መርዶውን ለምንጃር በስልክ ሳደርስ ወ/ሮ አያልነሽ «እኔንም ከልጆቹ ተራ ጻፉኝ» አሉኝ። ስለዚህ እንዲህ ጽፈናል፦ አቶ ተክለ ማርያም ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጸሃይቱን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ግሩምን፣ መሲንና አያልነሽን ትተው አልፈዋል።