ዕጣው ለእናትህ ወጣ

ልጄ ሆይ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አንተን በሙሉ ጤና፣ ባለቤትህን በደስታ፣ ልጆችህን በጨዋታ ላይ ያግኛችሁ። እንዴት ከርመሃል? ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? የልጆቹ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናትህም ደኅና ናት ብዬ እንዳልጽፍ የሚከለክለኝ ነገር ስላለ፣ ረጋ ብለህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበው። አንተንም የምጠይቅህ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ከባድ ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ በራችንን አንኳኳች። የሀገር አቀፉ የቤተሰብ ጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ነኝ አለች። ከዚያ ሁለት ቀን አስቀድሞ አንድ ሰው በራችን ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፎ ሄዶ ነበርና፣ ነገሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልጣመኝም። ይህ ሁሉ ቤት እያለ የእኛ ለምን ተመረጠ ብዬ ጠየቅኋት። በዕጣ ነው አለችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ዕጣ ወጥቶልኝ የማያውቀው ሰውዬ ለምርመራ ሲሆን ይወጣልኛል? የመሥሪያ ቤቷን ደብዳቤ ተቀብዬ ማኅተሙን በማጉያ መነጽር መረመርሁ፤ ፊቷንም ከመታወቂያዋ ፎቶግራፍ ጋር አመሳከርሁ። ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚለው ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው ዘበኛ፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «መምህር፣ ዛሬ ስንት ክፍል አለህ ይሉሃል፤ ነገ ግማሹን አምጣ ይሉሃል» አለኝ። የሬዲዮን ወሬ እንደማላምን ታውቃለህ፤ ያን ዕለት ግን አመንሁት።

ሆኖም ቤቴ የመጣን ሰው ደጅ አላቆምምና አስገባኋት። ጥያቄዋ ማለቂያ አልነበረውም። ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ፤ የእጅ መታጠቢያ ሳሙናው የት ነው፤ ትናንት እዚህ ቤት ያደረው ማን ማን ነው። ባለትዳር ሰው የት አደርህ ተብሎ የሚጠየቀው በሚስቱ ነው አልኋት። ሣቀች እንጂ አልተቀየመችም። የታመመ ሰው እንዳለ ስትጠይቀኝ ግን፣ በዚህ ቤት ሕመምተኛ የለም ብዬ እንቅጩን ነገርኋት። የጻፈችውን መልሳ አነበበችልኝ፤ አጸደቅሁት።

ከዚያም በእጇ የያዘችው ታብሌት ለዝርዝሩ ጥያቄ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንደሚመርጥ አስረዳችኝ። አባወራው እኔ ነኝና ኮቴን ደርቤ፣ ወንበሬን አስተካክዬ ጠበቅሁ። ታብሌቱ እናትህን መረጠ። እርሷ በዚያን ጊዜ አንገቷን ደፍታ የደንበኛ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። በእርሷ ፈንታ እኔ እመልሳለሁ ብል ልጅቷ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ የወጣው የእማማ ስም ነው፤ በሰው አይተካም። ደግሞም ለብቻችን መሆን አለብን» አለችኝ። እናትህ በበኩሏ በከንፈሮቿ የያዘቻቸውን መርፌዎች አውጥታ፣ «ውጣ እንጂ፤ አትበላኝም» አለች። ከገዛ ቤቴ ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥሁ። ምን ይባባላሉ? ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠግቼ እንደ ነበር ከልጄ አልደብቅም፤ የሰማሁት ነገር ግን የለም። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ የእናትህን የደም ግፊት ሦስት ጊዜ ለክታ፣ ሦስቱንም ጊዜ እጅግ ከፍ ብሎ አግኝታው፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ እንድትሄድ መላኪያ ወረቀት ሰጥታታለች። መሣሪያሽ ተበላሽቷል አልኋት። የራሷን እንድትለካ አደረግሁ፤ ደኅና ነው። የእኔንም ለካች፤ ደኅና ነው። ምን ነገረችሽ ብላት፣ የሰማሁትን ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁ፤ ከራሳቸው ይስሙት ብላኝ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

እናትህን አፋጠጥኋት። ግፊት እንዳለባት ካወቀች ሦስት ዓመት አልፏታል! ለማታውቃት ልጅ የነገረችውን፣ ዐርባ ዓመት አብሯት ከኖረ ባሏ ለምን ደበቀች?

«ብነግርህማ የስፌት መኪናዬን ቆልፈህ አልጋ ላይ ታውለኛለህ» አለችኝ። «ልጅቷ ጠየቀችኝ፤ መለስሁላት፤ ዝም ብላ ጻፈች። አንተ ጠይቀኸኝ ተናግሬ ሳልጨርስ ታርመኛለህ።»

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በየሦስት ወሩ የምትልክላት «የዐይን ቫይታሚን» ምንድን ነው? የብልቃጡ ወረቀት ሁልጊዜ ተልጦ የሚመጣው ለምንድን ነው? የመጨረሻው ካለቀ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ እናትህ ልጄን አላስጨንቅም ብላ ሳትነግርህ ቀርታለች። በስልክ እንዳልጠይቅህ ሣቅ ብለህ ታልፈኛለህ። ስለዚህ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ ሌላስ የማላውቀው ነገር እንዳለ በጽሑፍ መልስልኝ።

በማግሥቱ የልጅቷ ተቆጣጣሪ ሥራዋን ሊያረጋግጥ ሲመጣ፣ ሕመምተኛ የለም ብዬ ያጸደቅሁትን አሳረምሁ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ሐኪሙ እናትህን ሲጠይቃት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። አዲስ መድኃኒት ታዝዞላታል፤ በየቀኑ ትውሰድ፣ ጨው ትቀንስ ተብሏል። መስፋቱ ግን ይከለከላል አይደል ብዬ ብጠይቀው፣ አይከለከልም አለኝ። ይህን ስጽፍልህ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል።

ለባለቤትህ የአባትነት ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትልቋ ልጅህ የጻፈችልኝን አይቻለሁ፤ እጇ አምሯል፣ አራት ነጥብ ግን አትርሳ በላት። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ሬዲዮ ሰላም ይልሃል፤ ምን እንደምጽፍ ለማወቅ ሁለት ጊዜ መጥቷል። እናትህ ሰላምታዋን የጻፈችው በራሷ ገጽ ነው። እስከ ዛሬ የእርሷን ጽሑፍ ሳላርም ልኬ አላውቅም፤ ይህን ግን አጣጥፋ ዳሩን በመርፌና በክር ሰፍታ ሰጠችኝ። አላነበብሁትም። ዐሥራ አንድ ስፌት አለው። ሲደርስህ ቁጠረው፤ ቢጎድል የፖስታ ቤቱ ሥራ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

አባትህ

ከቤታችን በረንዳ
ኅዳር ፲፪ ቀን