የማክሰኞ ዐሥር ሰዓት ወንበር

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ መርፌ» እያለ የሚጠራቸው እኚህ ሰው፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአስተማሪዋ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከመርፌ ጋር የተዋወቁት በአባታቸው ሱቅ፣ ጣታቸውን እየተወጉ ነው። እናታቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድማቸው ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ አጥበው፣ አብልተው፣ ትምህርት ቤት አድርሰው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጥፋትም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እውነቱን መደበቅ አያሻም። ከአባታቸው ፓኮ ሰርቀው፣ በሱቁ ጓሮ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በገዛ እጃቸው አቀበሉት። ልጁ ትን ብሎት ሲያስል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያ ሳቅ እንደቆጫቸው ኖሩ።

አባታቸው በ1968 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው ሲያርፉ፣ እሳቸው ሲጋራን እርግፍ አድርገው ተዉ። በነርስነት ተመርቀው ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ አኩፓንክቸር የሚባለውን የመርፌ ሕክምና ተማሩ፤ በ1979 ዓ.ም. በአንድ ፋርማሲ ፎቅ ላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ሥራ ጀመሩ። ማጨስ ለማቆም በመጣው ሰው ጆሮ ላይ አምስት አምስት ቀጫጭን መርፌ ሰክተው ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ያደርጉ ነበር። «ግማሹ የመርፌው ነው፣ ግማሹ ያንተ» ይሉት ነበር። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ትከሻውን መታ አድርገው «በል፣ ዳግም እዚህ እንዳላይህ!» ብለው ይሸኙታል።

ታካሚዎቹም ቃላቸውን አከበሩላቸው። የተወው አልተመለሰም፤ ያልተወው ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያያቸው አፍሮ መንገድ ይሻገራል። ስንቱን ያዳኑ ሰው ምሳቸውን ብቻቸውን በሉ።

ትተው የተመለሱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሴት። «ሲጋራውን ትቻለሁ፣ እርስዎን መተው ግን አቃተኝ» ብለው መጡ፤ በ1983 ዓ.ም. ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. አረፉ፤ ቤቱም ጭር አለ።

ታናሽ ወንድማቸው ግን በጄ አላለም። ባገኙት ቁጥር «ና ልውጋህ» ሲሉት ይስቅ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ግን ዘመድ በተሰበሰበበት «ጋሼ፣ ያስጀመርከኝም አንተ፣ ሐኪሜም አንተ?» ብሎ ጥሏቸው ወጣ። ዐሥራ አምስት ዓመት ተኮራረፉ። ማክሰኞ ከሰዓት የወንድማቸው የዕረፍት ጊዜ እንደሆነ ያውቁ ስለነበር፣ በቀጠሮ ደብተራቸው በየሳምንቱ ማክሰኞ ዐሥር ሰዓት ላይ «ታናሼ» ብለው ይጽፉ ነበር። በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ በዚያ ሰዓት ማንንም አላስቀመጡም። ሰው ሲጠይቃቸው «ተይዟል» ይሉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ወንድማቸው መጣ። ጃኬቱ ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር፤ አልወቀሱትም። የመርፌ ሣጥናቸውን ከኮመዲኖው አስወጥተው፣ በግራ ጆሮው ላይ ሦስት ሰኩ። ሁለቱ አቃታቸው። ያን ጊዜ በሥራ ዘመናቸው ለማንም ያላሉትን አሉት፤ «የቀረውን ማክሰኞ እጨርስልሃለሁ። ተመልሰህ ና።»

ሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ።

«ዳግም እንዳላይህ» ተብላችሁ ዛሬ ለቀብራቸው የተመለሳችሁ ሁሉ፣ እግራችሁን ያቅናው። ከቤተሰባቸው በሕይወት የቀረው አንድ ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ነው፤ ይህን ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው። ካላጨሰ ሳምንት ሞላው። ዕድሜያቸውን ሰው ሲጠብቁ የኖሩትን ነፍስ ፈጣሪ ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ወንድማቸው በቀጠሮው መጥቷል።